ከሽያጩ በኋላ፦ የተገዙ የቴክኖሎጂ አገልግሎቶች ዕጣ በምን ይታወቃል?

ማይክሮሶፍት ሜይ 5 ቀን 2025 ስካይፕን ዘጋ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልምና በቴል አቪቭ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከአገር ቤት ዘመዶቻቸው ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ማውራት የጀመሩት በስካይፕ ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረው የስልክ ካርድ ፍቆ ደቂቃ መቁጠር ነው። አገልግሎቱ በ2003 ተጀመረ። በ2005 ኢቤይ በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፣ በ2009 አብዛኛው ድርሻ ወደ ባለሀብቶች ቡድን ዞረ፣ በ2011 ደግሞ ማይክሮሶፍት 8.5 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ወሰደው። ያኔ “ይኼ ነገር ይዘጋ ይሆን?” ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር ምን ይባል ነበር? ትልቅ ገንዘብ ወጥቶበታል፣ በመላው ዓለም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ተጠቃሚ አለው፣ ገዢው ደግሞ የማይከስር ግዙፍ ኩባንያ ነው። ሁሉም ይቆያል የሚያሰኝ ነበር። ቆየም፤ ወደ አሥራ አራት ዓመት። ከዚያ ተዘጋ።

አንድ የቴክኖሎጂ አገልግሎት ለትልቅ ኩባንያ ሲሸጥ መጨረሻውን በሽያጩ ሰሞን መገመት ይቻላል ወይ? የሚቻል ከሆነስ በየትኛው ምልክት? ጉዳዩ አክሲዮን የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች ብቻ አይደለም። የልጆቹን ፎቶ፣ የሥራ ሰነዱን፣ የደንበኞቹን ዝርዝር፣ የአሥር ዓመት የደብዳቤ ልውውጡን በሌላ ሰው ሰርቨር ላይ ያኖረ ሁሉ ይመለከተዋል። ያለፉትን ሃያ አምስት ዓመታት ሽያጮችና መዝጊያዎች ስመለከት፣ መገመት ይቻላል ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ብዙ ሰው በሚያያቸው ምልክቶች አይደለም። የተከፈለው ዋጋ፣ የተጠቃሚው ብዛት፣ በሽያጩ ቀን የሚወጣው የደስታ መግለጫ እምብዛም አይናገሩም። የሚናገሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ገዢው ገንዘቡን ያወጣው በእርግጥ ምን ለማግኘት ነው፣ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገርስ በቤቱ አለው ወይ?

በቅድሚያ ግን ተረፈ የምንለው ምን ሲሆን ነው? ጉግል በ2006 ራይትሊ የተባለ በብሮውዘር ላይ ጽሑፍ ማዘጋጃ ገዛ። ዛሬ ራይትሊ የሚባል ነገር የለም፤ ጉግል ዶክስ ግን ከእሱ ነው የወጣው። በ2004 የተገዛው ኪሆልም ስሙ ቀርቶ ጉግል ኧርዝ ሆነ። ማይክሮሶፍት በ2014 መጨረሻ አኮምፕሊ የተባለ የኢሜይል መተግበሪያ ገዝቶ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው የስልክ አውትሉክ አድርጎ አወጣው። ስም ብንቆጥር ሦስቱም ሞተዋል፤ ሥራቸውን ብንቆጥር ግን ከቀድሞው ይልቅ ገነኑ።

ዳርክ ስካይ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። ዝናብ በስንት ደቂቃ ውስጥ እንደሚጀምር ለቆምክበት ሰፈር የሚነግር መተግበሪያ ነበር። አፕል በማርች 2020 ገዛው። የአንድሮይድ ስልክ የያዙት በዚያው ዓመት አጡት፤ የአይፎን ተጠቃሚዎች እስከ 2022 መጨረሻ ቆዩ፤ በእሱ ዳታ ላይ የራሳቸውን መተግበሪያ የሠሩ ገንቢዎች እስከ ማርች 2023 ተሰጣቸው። ችሎታው ወደ አፕል የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ገብቷል። እንግዲህ ለአይፎን ባለቤቱ ተረፈ፣ ለአንድሮይድ ባለቤቱ ሞተ፣ ለገንቢው ሌላ ዳታ የመፈለግ ወጪ ሆነ። ስለዚህ “ይተርፋል” ወይም “ይዘጋል” የሚል ግምት ለማን፣ በምን መልክና እስከ መቼ እንደሆነ ካልተነገረ በኋላ ትክክል ነበር ወይም አልነበረም ሊባል አይችልም። እኔ የምመዝነው በተጠቃሚው በኩል ሆኜ ነው፤ ነገሩን የሚያምነው ሰው ሥራውንና ያከማቸውን ሳያጣ መቀጠል ቻለ ወይ?

በሁለቱ መካከል ያለም አለ፤ ያልተዘጋ፣ ነገር ግን የማይታደስ። ጉግል በ2007 የገዛው የጦማር ምግብ (ፊድ) ማሰራጫ ፊድበርነር ለዓመታት እንዲህ ኖረ። አማዞን በ2013 የገዛው ጉድሪድስም አንባቢዎቹ ለረጅም ጊዜ ማሻሻያ የጎደለው ነው እያሉ የሚያዝኑበት፣ ግን በየቀኑ የሚጠቀሙበት ነው። እንዲህ ያለው በግምት ሰንጠረዥ ላይ ሕያው ተብሎ ይቆጠራል፤ ይሁንና ያለ ጠባቂ የቀረ አገልግሎት የመዘጋት ዜናው ሲመጣ ድንገተኛ አይደለም።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ? አክሰል ጎቲየና ጆ ላሜሽ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ጉግል፣ አማዞን፣ ፌስቡክ፣ አፕልና ማይክሮሶፍት ከ2015 እስከ 2017 የፈጸሟቸውን 175 ግዢዎች መርምረው፣ በአብዛኛው የተገዛው ምርት በቀድሞ ስሙ እንደማይቀጥል አግኝተዋል። ለገማች ሰው መነሻው ይህ ነው፤ ስለ አንድ ሽያጭ ምንም ሳያውቅ ቢጠየቅ “በስሙ አይቆይም” ማለት ይሻለዋል። ሆኖም ጥናቱ የሚያየው የምርቱን ስም ስለሆነ፣ ራይትሊና ኪሆልን የመሰሉት ከጠፉት ጋር አብረው ይቆጠራሉ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ እነዚሁ አምስት ኩባንያዎች ከ2010 እስከ 2019 ለተቆጣጣሪ አስቀድሞ ማሳወቅ ያላስፈለጋቸው 616 ግዢዎች ማድረጋቸው ታውቋል። በዜና የምንሰማቸው እንግዲህ ጥቂቶቹ ናቸው። ትንንሾቹ በዝምታ ተገዝተው በዝምታ ስለሚዘጉ፣ ከምናስታውሳቸው ታዋቂ ሽያጮች ብቻ የምንነሣ ከሆነ ዕድሉን ከእውነቱ አብልጠን እንገምታለን።

በመድኃኒት ኢንዱስትሪ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት በቴክኖሎጂም ዘወትር ይጠቀሳል። ኮሊን ካኒንግሃም፣ ፍሎሪያን ኤደረርና ሶንግ ማ በ2021 ባሳተሙት ሥራ፣ ከመድኃኒት ኩባንያ ግዢዎች ከ5.3 እስከ 7.4 በመቶ የሚሆኑት የተፎካካሪን ገና ያላለቀ መድኃኒት ለማስቆም የተደረጉ መሆናቸውን አሳይተዋል። በሶፍትዌር ዓለም እንዲህ ያለ ሆን ተብሎ የሚፈጸም ግድያ ማስረዳት ከባድ ነው፤ መድኃኒት በየደረጃው ይመዘገባል፣ የመተግበሪያ ዕቅድ ግን በየሳምንቱ ይለወጣል። እኔ እንደማየው የቴክኖሎጂ አገልግሎቶችን በብዛት የሚያጠፋቸው ክፋት ሳይሆን ባለቤት ማጣት ነው። በስብሰባው ጠረጴዛ ዙሪያ “ይህ የኔ ነው” የሚል አንድ ሰው እንኳ ሲጠፋ የበጀቱ መስመር ይሰረዛል።

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሊኖርበት ይገዛል፣ ሌላው ለቦታው ብሎ ገዝቶ ያፈርሰዋል። የከፈሉት እኩል ሊሆን ይችላል። በቴክኖሎጂ ሽያጭም ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው፤ የተገዛው ሰው ነው፣ ጥበቡ ነው ወይስ ተጠቃሚው?

ለአገልግሎቱ ከሁሉ የከፋው ሰዎቹን ለመውሰድ የሚደረገው ግዢ ነው። ትዊተር በማርች 2012 ፖስተረስ የተባለውን የጦማር አገልግሎት ገዛ፤ በኤፕሪል 2013 መጨረሻ ሁሉም ገጽ ወረደ። ፌስቡክ በ2009 ፍሬንድፊድን ሲገዛ ከመሥራቾቹ አንዱ ብሬት ቴይለር በዓመቱ የፌስቡክ ዋና የቴክኖሎጂ ኃላፊ ሆኑ፤ አገልግሎቱ ግን ሳይነካም ሳይታደስም እስከ 2015 ቆይቶ ተዘጋ። ሜይልቦክስ የተባለው የኢሜይል መተግበሪያ በ2013 መጀመሪያ ለሕዝብ በተከፈተ በወር ገደማ ድሮፕቦክስ ገዛው፤ በፌብሩዋሪ 2016 አበቃ። ስፓሮው የተባለውን ሌላ የኢሜይል መተግበሪያ ጉግል በ2012 ሲገዛ ሠራተኞቹ ወደ ጂሜይል ሄዱ፣ መተግበሪያውም አዲስ ነገር እንደማይጨመርበት በሽያጩ ዕለት ተነገረ። የዚህ ዓይነቱ ግዢ መልክ ቶሎ ይለያል። ሠራተኞቹ ጥቂት ናቸው፣ አገልግሎቱ ገቢ የለውም ወይም አነስተኛ ነው፣ መግለጫው ስለ ቡድኑ ተሰጥዖ በሰፊው ያወራና ስለ ምርቱ የነገ ዕቅድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይኖረውም። አዲስ ተጠቃሚ መመዝገብ በዚያው ሳምንት ከቆመ ወይም አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ መመለስ ከተጀመረ ግምት አያስፈልግም።

ሰዎቹስ ይቆያሉ? ጄ. ዳንኤል ኪም በአሜሪካ የሠሩት ጥናት፣ ኩባንያቸው ተሽጦ ወደ ገዢው ከገቡ ሠራተኞች 33 በመቶው በመጀመሪያው ዓመት ሲለቁ፣ በተለመደው መንገድ ከተቀጠሩት የሚለቁት 12 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አግኝቷል። ወደ ገዢው መግባትን ራሳቸው ያልመረጡ ሰዎች ናቸውና አይገርምም። የቆዩትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ክፍያቸው በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የሚሰጥ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ድርሻ ሲደርስ በሩ ይከፈታል። ዶጅቦል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ጓደኞች የት እንዳሉ በስልክ መልእክት የሚያሳውቅ አገልግሎት ነበር፤ ጉግል በ2005 ገዛው፤ መሥራቾቹ ዴኒስ ክራውሊና አሌክስ ሬይነርት በ2007 ለቀቁ፤ በ2009 ተዘጋ። ክራውሊ በዚያው ዓመት ያንኑ ሐሳብ ይዘው ፎርስኩዌርን ጀመሩ። አገልግሎቱ የሞተው ሐሳቡ ስላልሠራ አልነበረም፤ በገዢው ቤት ውስጥ ኃላፊነቱን የተቀበለ ሰው ስላልነበረ ነው።

ጥበቡ የተፈለገ እንደሆነ አገልግሎቱ በሌላ ስም ይቀጥላል፤ ተጠቃሚው ግን ሳይጠየቅ ቤት ይቀይራል። ሲሪ አፕል ከመግዛቱ በፊት በአይፎን ላይ የሚጫን ራሱን የቻለ መተግበሪያ ነበር፤ በኦክቶበር 2011 የስልኩ አካል ሲሆን መተግበሪያው ተነሣ። የበርሊኑ ውንደርሊስት ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያሳዝነኛል። የሥራ ዝርዝር መያዣ ነው፤ ሚሊዮኖች የገበያ ዝርዝራቸውንም የመሥሪያ ቤት ሥራቸውንም ያስቀምጡበት ነበር። ማይክሮሶፍት በ2015 ገዛው፣ ከጎኑ ቱ ዱ የተባለ ተመሳሳይ ነገር ሠራ፣ ሁለቱን ለዓመታት አብሮ አቆየና በሜይ 2020 ውንደርሊስትን ዘጋ። መሥራቹ ክርስቲያን ሬበር በ2019 መልሼ ልግዛው ብለው በአደባባይ ጠይቀው ነበር፤ አልተሸጠላቸውም። ለተጠቃሚዎቹ ዝርዝራቸውን ወደ ቱ ዱ የሚያሻግሩበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ይህንን በጎነት አልክድም። ሆኖም በደንብ የሚሠራና ሰው የሚወደው ነገር፣ ሊገዛው የፈለገ ሰው እያለ ሲጠፋ ማየት ልክ ነው ብዬ ልቀበለው አልችልም።

ተጠቃሚው የተፈለገበት ግዢ ከሁሉ የተሻለ ዕድል አለው። ጉግል በ2006 ዩቲዩብን በ1.65 ቢሊዮን ዶላር፣ ፌስቡክ በ2012 አሥራ ሦስት ሠራተኞች የነበሩትን ኢንስታግራምን በ1 ቢሊዮን፣ በ2014 ደግሞ 450 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚ የነበረውን ዋትሳፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ሲገዙ፣ የተከፈለበት ነገር እዚያው የተሰበሰበው ሕዝብ ነበር። ቢዘጉት ገንዘቡን ማቃጠል ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሕዝቡ የሚያስከብረው ገዢው ወደ ራሱ ምርት ሊያሻግረው የማይችለው ሲሆን ብቻ ነው። ማሻገር እችላለሁ ብሎ ካመነ ብዛቱ ራሱ የመዝጊያ ምክንያት ይሆናል።

ይህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ይወስደናል፤ ገዢው ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር አለው ወይ? ሁለት ተመሳሳይ ምርት የያዘ ኩባንያ ውሎ አድሮ አንዱን ይጥላል። የሚጣለው ግን ሁልጊዜ የተገዛው አይደለም። ጉግል ዩቲዩብን ሲገዛ ጉግል ቪዲዮ የሚባል የራሱ ነበረው፤ የተዘጋው የራሱ ነው። ኢቤይ በ2002 ፔይፓልን በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ቢልፖይንት የተባለ የራሱ መክፈያ ነበረው፤ የቀረው ቢልፖይንት ነው። ፌስቡክ ፌስቡክ ካሜራ የሚል መተግበሪያ ነበረው፤ ኢንስታግራም ሲያድግ ያ ተነሣ። ዋትሳፕን ሲገዛም ሜሴንጀር ነበረው፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ አሉ፤ አንደኛው የስልክ ቁጥር ላይ፣ ሌላው የፌስቡክ አካውንት ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑና ዋትሳፕ ሜሴንጀር ያልደረሰባቸውን አገሮች ስለያዘ። ከእነዚህ የምወስደው ደንብ ከሁለቱ ተመሳሳዮች በፍጥነት እያደገ ያለው ይተርፋል የሚል ነው። የማን ልጅ መሆኑ ሁለተኛ ነገር ነው።

የስካይፕ ነገር በዚህ መነጽር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። በ2011 ማይክሮሶፍትም የራሱ ሜሴንጀር የሚባል የቆየ መልእክት መላላኪያ ነበረው። ያኔ እያደገ የነበረው ስካይፕ ስለሆነ በ2013 ሜሴንጀር ተዘግቶ ተጠቃሚዎቹ ወደ ስካይፕ ተዛወሩ። በ2017 ግን ማይክሮሶፍት ራሱ የሠራውን ቲምስን አወጣ፤ በወረርሽኙ ጊዜ ቢሮና ትምህርት ቤት ሁሉ ወደ ቤት ሲገባ በከፍተኛ ፍጥነት አደገ። ስካይፕ በተራው ሜሴንጀር የነበረበት ቦታ ላይ ቆመ። በ2011 የተሠራ ግምት ይህንን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ በ2017 የታደሰ ግምት ግን ይችላል። ግምት በሽያጩ ቀን ተሠርቶ የሚቀመጥ ሰነድ አይደለም፤ ገዢው አዲስ ምርት ባወጣ ቁጥር እንደገና የሚታይ ነው። የኮድ ማከማቻው ጊትሀብም በ2018 በማይክሮሶፍት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ተገዝቶ እያደገ ሲሆን፣ ውስጡ የነበረው አተም የተባለው የኮድ መጻፊያ ግን ማይክሮሶፍት ቪኤስ ኮድ ስለነበረው በዲሴምበር 2022 ተዘጋ። ቤቱ ተርፎ አንዱ ክፍል ሊዘጋ ይችላል።

ዋጋ ዋስትና እንደማይሆን ያሁ ብቻውን በቂ ማስረጃ ትቶልናል። በ1999 ጂኦሲቲስን በ3.57 ቢሊዮን፣ ብሮድካስት ዶት ኮምን በ5.7 ቢሊዮን ዶላር አክሲዮን ገዛ። ሁለተኛው ሦስት ዓመት አልተሻገረም። ጂኦሲቲስ በኦክቶበር 2009 ሲዘጋ፣ ተራ ሰዎች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሠሯቸው ገጾች በብዛት አብረው ጠፉ፤ የተረፈው አርካይቭ ቲም የተባሉ በጎ ፈቃደኞችና ኢንተርኔት አርካይቭ በጥድፊያ የቀዱት ነው። እነዚያ ሰዎች ያደረጉት ነገር በየትኛውም አገር በቅርስ ጥበቃ ሊያስመሰግን የሚገባ ሥራ ይመስለኛል። ታምብለር ደግሞ የተገላቢጦሹን ያሳያል። ያሁ በ2013 በ1.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2019 ለአውቶማቲክ ሲሸጥ ዋጋው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በታች እንደነበረ ተዘግቧል። ዋጋው ወደቀ፣ አገልግሎቱ ግን አለ። ማይስፔስም በ2005 በ580 ሚሊዮን ተገዝቶ በ2011 በ35 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ገጹ ቀጠለ፤ ነገር ግን ከ2003 እስከ 2015 ሙዚቀኞች የጫኑት ዘፈን በሰርቨር ዝውውር መጥፋቱ በ2019 ታወቀ። ስሙ ቆሞ ዳታው ሲጠፋ “ተርፏል” ማለት ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ዋጋ ካልተናገረ ገቢ ይናገራል። ጊትሀብና ሊንክዲን ደንበኞቻቸው በቀጥታ የሚከፍሏቸው ናቸው። ቫይን ግን ወጣቶች የሚወዱት የስድስት ሰከንድ ቪዲዮ ሆኖ ሳለ ለትዊተር ገንዘብ ስላላመጣ በጃንዋሪ 2017 አበቃ። ፓርስም ሌሎች ገንቢዎች መተግበሪያቸውን የሚያቆሙበት አገልግሎት ሲሆን፣ ፌስቡክ በ2013 ገዝቶ በጃንዋሪ 2017 ዘጋው፤ ለፌስቡክ የማስታወቂያ ሥራ የሚጨምረው ነገር አልነበረም። ከሁሉ የሚያስቆጣው ግን ገንዘብ ከፍለው የገዙት ዕቃ ላይ የደረሰው ነው። ሪቮልቭ የቤት መብራትና መሣሪያዎችን የሚያዝ የ300 ዶላር ሳጥን ነበር። በጉግል ሥር ያለው ኔስት በ2014 ኩባንያውን ገዛ፤ በሜይ 2016 ሰርቨሩን ሲያጠፋ ሳጥኖቹ በየቤቱ መሥራት አቆሙ። ሰርቨር የማያስፈልገው ዕቃ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ፈቅዶ እስከሚጥለው ይሠራ ነበር።

ስለ ቃል ኪዳኖች ብዙ አልልም። የዋትሳፕ መሥራቾች በሽያጩ ጊዜ ማስታወቂያ አይገባም ብለው ነበር፤ ብራያን አክተን በ2017፣ ያን ኩም በ2018 ለቀቁ፤ በጁን 2025 ሜታ (የፌስቡክ ኩባንያ አዲሱ ስም) በዋትሳፕ የዝማኔ ክፍል ማስታወቂያ እንደሚጀምር አስታወቀ። አገልግሎቱ ተርፎ ቃሉ ቀረ። መሥራች መልቀቁ ብቻውን የሞት ምልክት እንዳልሆነም ይኸው ይነግረናል፤ የኢንስታግራም መሥራቾችም በ2018 ሄደዋል። ለትንሽ አገልግሎት የመሥራች መሄድ ብርቱ ምልክት ነው፣ በቢሊዮን ለሚቆጠር ሕዝብ ግን ደካማ ነው። ከቃል ይልቅ የሚታመነው ድርጊት ነው፦ የመግቢያ አካውንቱ ወደ ገዢው ስም መዛወር፣ ማሻሻያ ለወራት መቅረት፣ ሌሎች መተግበሪያዎች የሚገናኙበት መስመር መዘጋት፣ ከኮምፒውተር ላይ ተነሥቶ በስልክ ብቻ መቅረት።

ከመትረፍና ከመዘጋት ሌላ ሦስተኛ በር አለ፤ ይኸውም መሸጥ ወይም መልቀቅ ነው። ገዢው ያልፈለገው ነገር ሌላ የሚፈልገው ሊያገኝ ይችላል። ፍሊከር በያሁ ቤት ለአሥራ ሦስት ዓመት ሲጎሳቆል ከቆየ በኋላ በ2018 በቤተሰብ የሚተዳደረው የፎቶ ኩባንያ ስመግመግ ገዛው፤ እስከ ዛሬ አለ። አማዞን በማርች 2023 ሊዘጋው ያስታወቀው የካሜራ ገምጋሚ ዲፒሪቪው በጁን ወር ሌላ ገዢ አገኘ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አብሮ የሚጽፍበትን ኢተርፓድን ጉግል በ2009 ገዝቶ ሊዘጋው ሲል ተጠቃሚዎች ስለጮኹ ኮዱ ለሁሉም ተለቀቀ፤ ዛሬም በብዙ ቦታ ይሠራል። ከሁሉ የሚያስተምረው የሁለቱ የንባብ ማስቀመጫዎች ንጽጽር ነው። ፖኬትና ኢንስታፔፐር አንድ ዓይነት ሥራ ይሠሩ ነበር፤ ሁለቱም ተገዙ። ኢንስታፔፐር በፒንተረስት ሥር ከዋለ በኋላ በ2018 ራሱን ችሎ ወጣ፤ ይኖራል። ፖኬት ከ2017 ጀምሮ በሞዚላ ቤት፣ ትርፍን ቀዳሚ ግቡ ባላደረገ ድርጅት ሥር ነበር፤ በጁላይ 2025 ተዘጋ። የገዢው መልካም ስም አላዳነውም፤ ሞዚላ ትኩረቱን ወደ ፋየርፎክስ ሲሰበስብ ፖኬት ከዋናው ሥራ ውጭ ነበረ። ትንሽ ሆኖ ወጪውን የሚሸፍን ነገር በትንሽ ባለቤት እጅ ሊኖር ይችላል፤ በትልቅ ባለቤት እጅ ግን ያው ገቢ ከምንም አይቆጠርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግምቴን ማስቀመጥ ይገባኛል፤ አምስት ዓመት አድርጌ። ጊትሀብ፣ ሊንክዲንና ዩቲዩብ ስለመቆየታቸው የምጠራጠርበት ምክንያት የለም። በ2021 በ27.7 ቢሊዮን ዶላር የተገዛው ስላክ ይቆያል፤ ገዢው ሴልስፎርስ ሌላ ስላክ የለውም። ጉድሪድስ እንደተዘነጋ ይቀጥላል፤ ከአማዞን መጽሐፍ ሽያጭ ጋር የተሳሰረ ነውና። ዌይዝ ያሳስበኛል። ጉግል በ2013 ሲገዛው ጉግል ማፕስ ነበረው፤ ለዓመታት ለየብቻ ቆይተው በ2022 መጨረሻ ቡድኖቹ በአንድ ክፍል ሥር ሆኑ፤ የዌይዝ ሹፌሮች የሚጠቁሙት አደጋና የመንገድ መዘጋት ማፕስ ላይም ይታያል። በስሙ የመቆየት ዕድሉን ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርጌ አየዋለሁ፤ ሥራው ግን አይጠፋም። ፊትቢት ከዚያም ያነሰ ነው። ጉግል በ2021 በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ተጠቃሚዎቹ ወደ ጉግል አካውንት እንዲዛወሩ ታዘዙ፤ መሥራቾቹ በ2024 መጀመሪያ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት ክረምት በኮምፒውተር የሚታየው ገጽ ተዘጋ። ዕለታዊ የልብ ምቱንና የእንቅልፉን መዝገብ እዚያ ያከማቸ ሰው ዛሬውኑ ቢያወርደው እመክራለሁ።

ቫይበር በኢትዮጵያውያንም ዘንድ ብዙ አገልግሏልና ሳልጠቅሰው አላልፍም። የጃፓኑ ራኩተን በ2014 በ900 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛው የተጠቃሚውን ብዛት ፈልጎ ነው፤ እሱን የሚተካ የራሱ ዓለም አቀፍ መልእክት መላላኪያ አላወጣም፤ ከአሥር ዓመት በላይ ያቆየውም ይመስለኛል ይኸው ነው። በራኩተን እጅ እስካለ ድረስ ይዘጋል ብዬ አልጠብቅም። የሚያሰጋው ራኩተን በሌላ ሥራው ገንዘብ አጥሮት ሊሸጠው ቢነሣ ነው፤ ያኔ መልእክት መላላኪያ ያለው ገዢ ከመጣ ግምቴን እቀይራለሁ።